ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምር

በዋግ ምድር፣ ከደሃና ደጋዎችና ከአምደ ወርቅ ገደላገደል የሚወርደው ውሃ ሁሉ መጨረሻው ተከዜ ነው። ውሃው ተከዜ ከመድረሱ በፊት ግን የአገሬው ሰው በየጅረቱ ዳር ሥራውን ሁሉ ይሠራበታል። ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ እረኞች ከብት ያጠጡበታል፤ ሕፃናት ይዋኙበታል፤ ገበሬው በቦይ ጠልፎ ማሳውን ያረሰርስበታል። ሳሙና በየገበያው ሳይዳረስ በፊት፣ ከተዳረሰም በኋላ ዋጋው በሚወደድበት ጊዜ፣ የደገኛው ሰው ሸማውን ያነጣው የነበረው በእንዶድ ነው። ፍሬው ይለቀማል፤ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል። ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ አረፋ ውስጥ ከልብስ ንጣት ሌላ ነገር ይኖራል ብሎ የጠየቀ የሳይንስ ሰው አልነበረም።

ይህን ጥያቄ ጠይቀው መልሱን በላቦራቶሪና በመስክ ለማረጋገጥ ዕድሜያቸውን የሰጡት ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው የሕክምና ሰዎች ብቻ ንብረት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ውሃን የሚጠልፍ፣ የሚገድብና የሚያከፋፍል ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም አክሊሉ የታገሉት በሽታ መሐንዲስ ውሃን ባቆመበት ሥፍራ ሁሉ ተከትሎ የሚመጣ በሽታ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አክሊሉ ለማ በ1935 ገደማ በሐረርጌ ተወለዱ። የልጅነታቸው ዘመን አገሪቱ ከጣልያን ወረራ ተላቅቃ ትምህርት ቤቶቿን እንደገና የምታቋቁምበት፣ ጥቂት ወጣቶችንም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር መላክ የጀመረችበት ጊዜ ነበር። እሳቸውም ከነዚህ ወጣቶች አንዱ በመሆን ወደ አሜሪካ ተጉዘው ተማሩ። በመጨረሻም በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ገብተው በ1964 በዶክትሬት ማዕረግ ተመረቁ።

በዩኒቨርሲቲው ያጠኑት ጥገኛ ተሐዋስያንን ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድመው የመረጡት ሌይሽማንያ የተባለውን ተሐዋሲ ነው። ይህ ተሐዋሲ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው አካል ይገባል። በደጋው አገር ፊትን የሚያበላሸውን ቁንጭር የተባለውን የቆዳ ቁስል ያመጣል፤ በቆላው ደግሞ ጣፊያንና ጉበትን አሳብጦ፣ ሕክምና ካልተገኘ ለሞት የሚያደርሰውን ካላ አዛር ያስከትላል። ከዋግ ተነሥተው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ይህን በሽታ በስሙ ባያውቁት እንኳ በጉዳቱ ያውቁታል። አክሊሉ ከመምህራቸው ከሺለር ጋር ሆነው በ1964 ባወጡት የምርምር ውጤት፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረውን የተሐዋሲውን መልክ ከሕዋስ ውጭ በላቦራቶሪ ማሳደግ መቻሉን አሳይተዋል።

የዚህ ሥራ ጥቅም ምን እንደሆነ ለመረዳት አካል ራሱን እንዴት እንደሚከላከል ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። የሰው አካል በወራሪ ተሐዋስያን ላይ የሚያነሣው መከላከያ በሁለት ክንፍ የተከፈለ ነው። አንደኛው በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወሩት ፀረ አካላት ናቸው። እነዚህ በሜዳ ላይ የተገኘውን ጠላት ይይዛሉ፤ ቤት ገብቶ በሩን የዘጋውን ግን አያገኙትም። ቫይረሶች ሁሉ የሚራቡት በሕዋስ ውስጥ ስለሆነ፣ እንደ ሌይሽማንያና እንደ ሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ያሉትም በዚያው በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ለነርሱ ሁለተኛው ክንፍ ያስፈልጋል። ይህ ክንፍ በደረት ውስጥ ታይመስ ከተባለው ዕጢ የሚወጡት ቲ ሕዋሳት ናቸው። ቲ ሕዋስ የታመመውን ሕዋስ ከውጭ ገጽታው ለይቶ ያውቃል፤ ወይ ራሱን ሕዋሱን ይገድለዋል፣ ወይም በውስጡ ያለውን ጠላት እንዲያጠፋ ያነቃቃዋል።

የታይመስ ሥራ የታወቀው ገና በ1961 በዣክ ሚለር ምርምር ነበር። ቲ ሕዋሳት በቫይረስ የተያዘን ሕዋስ እንዴት እንደሚለዩት ደግሞ በአውስትራሊያ በካንቤራ ከተማ ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ገለጹ፤ ለዚህም በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ኢትዮጵያም ከዚህ ዕውቀት ጉዞ ውጭ አልነበረችም። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ በተደረጉ ጥናቶች በአንድ ዓይነት የሌይሽማንያ ተሐዋሲ ከተያዙ ሰዎች መካከል አብዛኛዎቹ ጠባሳ ብቻ ቀርቶላቸው በራሳቸው ሲድኑ፣ ጥቂቶቹ ግን ቁስሉ መላ አካላቸውን እየወረረ ለብዙ ዓመታት እንደሚሠቃዩ ታይቷል። ተሐዋሲው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የእነዚያ ጥቂት ሰዎች ቲ ሕዋሳት ለዚህ ጠላት መልስ አለመስጠታቸው ነው። በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም የሥጋ ደዌን ጉዳይ በዚሁ መንገድ መመርመር ጀመረ።

አክሊሉ ዶክትሬታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከፊታቸው ሁለት መንገድ ነበረ ለማለት ይቻላል። አንደኛው በባልቲሞር የጀመሩትን በሕዋስ ደረጃ የሚደረግ ረቂቅ ምርምር መቀጠል ነው። ሁለተኛው በሕዝቡ መካከል ወርዶ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገርበትን ሰንሰለት ማጥናትና ሰንሰለቱ የሚበጠስበትን ቦታ መፈለግ ነው። እሳቸው ሁለተኛውን መንገድ አስቀደሙ፤ የመጀመሪያውንም ፈጽሞ አልተዉትም። በ1966 በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ኢንስቲትዩቱ ሌይሽማንያን፣ ብልሃርዝያንና ሌሎችንም በአገር ውስጥ የሚገኙ በሽታዎች የሚያጠና፣ ወጣት ኢትዮጵያውያንንም ለምርምር የሚያሠለጥን ተቋም ሆነ። በደጋው የሚገኘውን የቁንጭር ተሐዋሲ ከሌሎቹ ለይተው በ1973 በኢትዮጵያ ስም የሰየሙት ተመራማሪዎች ሥራም በዚሁ ዘመን የተከናወነ ነው። ተሐዋሲው በገደል ውስጥ ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ የታወቀውም ያን ጊዜ ነው።

ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ነገር ግን የተገኘው ኢንስቲትዩቱ ከመቋቋሙ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። በ1964 አክሊሉ ብልሃርዝያ የተስፋፋበትን ሁኔታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። ብልሃርዝያን የሚያመጣው ትል በሕይወቱ ሁለት ቤት ያስፈልገዋል። ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ የገባው እንቁላል ይፈለፈልና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ይሞታል። ቀንድ አውጣ ካገኘ በውስጡ ተራብቶ በሺህ የሚቆጠሩ እጮችን ወደ ውሃው ይለቃል። እነዚህ እጮች ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስተው በመግባት በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ይኖራሉ። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው የለም ማለት ነው።

ወጣቱ ሳይንቲስት በጅረቱ ዳር ቀንድ አውጣዎችን ሲሰበስቡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ከሌላው ቦታ ሁሉ የበዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይገኙ ነበር። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ተኮማተሩ፤ ደማቸው ፈሰሰ፤ ሞቱ። የምርምሩ ሁሉ መነሻ ይህች ሙከራ ናት። የተጠቀሙባት መሣሪያ የአንዲት አጣቢ ዕቃና የእንዶድ ፍሬ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ማየትና የታየውን ማረጋገጥ የተለያዩ መሆናቸውን አክሊሉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ፍሬውን በልዩ ልዩ መጠን በውሃ እየበጠበጡ በላቦራቶሪ ፈተኑት። የመጀመሪያውን ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1970 ደግሞ የላቦራቶሪና የመስክ ሙከራዎቻቸው ውጤት በዓለም ጤና ድርጅት የምርምር መጽሔት ታተመ። ቀጥሎም በካሊፎርንያ ወደሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሄደው ከኬሚስቶች ጋር በመሥራት ገዳዩ ንጥረ ነገር ከሳፖኒን ወገን መሆኑን አረጋገጡ። ሳፖኒን እንደ ሳሙና የሚያረፋና የሕዋስን ሽፋን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ነው። ከእንዶድ ተለይተው ከወጡት ሳፖኒኖች አንዱ በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። ልብሱን የሚያነጣውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ነገር ከአንድ ምንጭ የሚወጣ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ትልቁ ፈተና የተካሄደው በዚያችው በዓድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ለአምስት ዓመት አሥራ ሰባት ሺህ ያህል ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ ጅረቶች ውስጥ በአካባቢው የተለቀመና የተፈጨ እንዶድ በየጊዜው ተጨመረ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሕዝቡ 63 በመቶ ያህሉ በብልሃርዝያ የተያዘ ነበር፤ በመጨረሻው 34 በመቶ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የሕፃናቱ ቁጥር ነው። ትሉ በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር ቀድሞ የታመመው አዋቂ ቀንድ አውጣው ቢጠፋም ወዲያው አይድንም። ከ1 እስከ 6 ዓመት ያሉት ሕፃናት ግን አብዛኛዎቹ የተወለዱት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በነሱ ላይ የሚታየው በሽታ አዲስ የገባው ነው። በነዚህ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ወጪውም በዓመት ለአንድ ሰው ከአሥር የአሜሪካ ሳንቲም ብዙ አይበልጥም ነበር።

የሥራው ስሌት ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። በሰከንድ 10 ሊትር የሚፈስ አንድ ትንሽ ጅረት ቢኖርና በሊትር 20 ሚሊግራም እንዶድ ለአንድ ቀን ሙሉ እንዲቆይበት ቢፈለግ፣ የሚያስፈልገው ዱቄት 17 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህን ያህል ፍሬ ከአጥር ጥግ ለቅሞ ማቅረብ የገጠር ሕዝብ አቅም የሚፈቅደው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ለዚሁ ሥራ የሚሸጠው የፋብሪካ ኬሚካል ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለነበር ለድሃ አገሮች እጅግ ውድ ነበር። አክሊሉ ይከራከሩ የነበሩት በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በሽታው የድሃ ሰው በሽታ ከሆነ መከላከያውም ድሃው ሰው ራሱ ሊተክለው፣ ሊለቅመውና ሊጠቀምበት የሚችል መሆን ይገባዋል ይሉ ነበር።

ከሥራ ባልደረቦቻቸው ዋነኛው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እሳቸው የዕፅዋት ባለሙያ በመሆናቸው ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች ከስድሳ በላይ የእንዶድ ዓይነቶች ተሰብስበው በአንድ ቦታ እንዲተከሉ አድርገው፣ የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚያፈራ፣ የትኛው ተባይን እንደሚቋቋም፣ የትኛው ቀንድ አውጣን ይበልጥ እንደሚገድል አወዳደሩ። ኢ 44 የተባለው ዓይነት የተመረጠው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ሥራ በሁሉም ቦታ እኩል ውጤት እንዲሰጥ የመነሻው ቁስ ጥራት አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሲሚንቶን በመለኪያ የሚቀበል መሐንዲስ የለገሰን ሥራ ክብደት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የዓድዋው ውጤት ከታወቀ በኋላ ሥራው በፍጥነት ወደ ሌሎች አገሮች ይዛመታል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ይህ አልሆነም። አክሊሉም አገሪቱ በአብዮት ውስጥ በነበረችበት በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ሄዱ፤ በኋላም በኢጣልያ በፍሎሬንስ ከተማ ባለው በዩኒሴፍ የሕፃናት ጉዳይ ማዕከል በምክትል ዲሬክተርነት አገለገሉ። በያሉበት ሆነው ግን የእንዶድን ጉዳይ አልተዉትም። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ የአፍሪካና የሌሎች አገሮች ሳይንቲስቶች ስለ እንዶድ ተሰብስበው እንዲመክሩ አደረጉ።

መሰናክሉ ምን ነበር? ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የጠየቁት ጥያቄ በአንድ በኩል ሲታይ ተገቢ ነበር። አንድ ነገር ሰው በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ለሰውና ለከብት ጉዳት እንደማያመጣ በታወቀ ሥርዓት፣ ደረጃው በተረጋገጠ ላቦራቶሪ መመርመር አለበት። እንዶድ ጉድለትም አለው። ዓሣን ይገድላል፤ የቀንድ አውጣውን እንቁላል በሚገባ አያጠፋም፤ በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ እየደጋገሙ መጨመር ያስፈልጋል። እነዚህን ጉድለቶች አክሊሉ ራሳቸው አልሸሸጉም። ችግሩ ይህን ምርመራ ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብም፣ ዕውቅና ያለው ላቦራቶሪም በአፍሪካ አለመኖሩ፣ ያላቸውም አገሮች በአንድ ከአጥር ጥግ በሚለቀም ፍሬ ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ አለመፈለጋቸው ነው። ማንም በብቸኝነት ሊሸጠው የማይችለውን ነገር የሚያስመረምር ኩባንያ አይገኝም። አክሊሉም ከዚህ ሁሉ ጀርባ በአፍሪካ ምድር በአፍሪካውያን የተገኘ ዕውቀት በቀላሉ የማይታመን መሆኑን በግልጽ ይናገሩ ነበር።

በመጨረሻ ምርመራውን የደገፈው የካናዳ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት የምርምር ማዕከል ነው። የምርመራው ውጤት በ1991 ሲታተም እንዶድ በተባለው መጠን ለሥራ ሊውል የሚችል መሆኑን አመለከተ። ከዓድዋው ጅረት ዳር እስከዚህ ድረስ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል ዓለም አልቆመም ነበር። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ተገኝቶ በ1980ዎቹ የብልሃርዝያ መከላከያ ስልት ሁሉ ወደ ኪኒን ዞረ። ቀንድ አውጣን ማጥፋት እንደ አሮጌ ዘዴ ተቆጠረ። ማስረጃው በተሟላበት ጊዜ ማስረጃውን የሚጠብቀው ሰው ከስፍራው ሄዶ ነበር። የአክሊሉ የሥራ ሕይወት ትልቁ ኀዘን ይህ ይመስላል።

ኪኒኑ መልካም መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ሆኖም የዳነው ሕፃን ተመልሶ ወደዚያው ጅረት ሲገባ እንደገና ይያዛል። እዚህ ላይ ከላይ የተነሣው የቲ ሕዋሳት ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። በፈንጣጣ ወይም በኩፍኝ ቫይረስ ተይዞ የዳነ ሰው ሁለተኛ አይያዝም፤ አካሉ ያስታውሳልና። በብልሃርዝያ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ትሉ በደም ሥር ውስጥ ተቀምጦ ከአካል መከላከያ የሚሰወርበት ብልሃት አለው። ከዚህም የከፋው፣ ትሉ የሚጥላቸው እንቁላሎች በጉበት ውስጥ ሲቀረቀሩ ቲ ሕዋሳት በዙሪያቸው ይሰበሰቡና እብጠት ይሠራሉ፤ ጉበቱ እየጠነከረ የሚሄደው በእንቁላሉ ብቻ ሳይሆን በዚህ በራሱ በአካሉ መከላከያ ጭምር ነው። ጠባቂው ቤቱን ያፈርሳል ማለት ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ለብልሃርዝያ በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም። ለፈንጣጣ የተቻለው ለዚህ በሽታ ገና ስላልተቻለ ሰንሰለቱን ከአካል ውጭ፣ በውሃው ውስጥ መበጠስ ያስፈልጋል የሚለው የአክሊሉ አሳብ ጊዜ አልሻረውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ኪኒን ብቻውን እንደማይበቃ ተገንዝቦ በ2017 ቀንድ አውጣን በመስክ ስለ ማጥፋት አዲስ መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው የሚመከረው ግን ያው የፋብሪካው ኬሚካል ነው።

ለአክሊሉ ክብር ያልተሰጣቸው አይደለም። በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን የሚሰጠውን አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ አገር ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያ ሳሉ ሌላ ነገር አጋጠማቸው። በታላላቆቹ ሐይቆች ከአውሮፓ በመርከብ የገባ አንድ ዓይነት ዛጎል ለበስ እንስሳ ተራብቶ የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውሃ መሳቢያ ቱቦዎች እየደፈነ መሐንዲሶችን አስጨንቆ ነበር። አክሊሉ እንዶድ በዚህም ላይ እንዲሞከር አሳቡን አቀረቡ፤ ተሞክሮም ሠራ። በ1993 አክሊሉንም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ያደረገ የፈጠራ መብት በአሜሪካ ተመዘገበ። ለድሃ አገር ሕፃናት ሃያ ሰባት ዓመት የዘገየው ነገር ለሀብታም አገር ቱቦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሕግ ከለላ አገኘ። የኢትዮጵያ ገጠር ሴቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ፍሬ በሌላ አገር የመብት ባለቤት ሲያገኝ፣ የአገር ዕውቀት ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዓለም መድረክ ላይ ተነሣ። እንዶድ እስከ ዛሬ የዚህ ክርክር ዋነኛ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 5 ቀን 1997፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዕድሜያቸው ገና ስድሳ ዓመትን ጥቂት ያለፈ ነበር። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በስማቸው የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ተጠርቷል፤ በዚያም የጥገኛ ተሐዋስያን፣ የቀንድ አውጣዎችና የመድኃኒት ዕፅዋት ምርምር ይካሄዳል።

የእሳቸው ታሪክ ለመሐንዲሱ የሚያስተላልፈው ነገር በተግባር የሚታይ ነው። ብልሃርዝያ በአዋሽ ሸለቆ በወንጂ የስኳር እርሻ የተስፋፋው ከመስኖው ጋር ነው። በተከዜ ላይ በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ 300 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ተደርጎ ሲሠራ፣ በዋግ ቆላ ዳር ቀድሞ ያልነበረ ሰፊ የረጋ ውሃ አስገኝቷል። በ2015 የታወጀውና በሰቆጣ ስም የሚጠራው፣ የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2030 ለማጥፋት የተገባው ቃል ኪዳንም በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ሲጀመር ከሚፈልጋቸው ሥራዎች መካከል ንጹሕ ውሃና አነስተኛ መስኖ ይገኙባቸዋል። ሥራው ግድ የሚል ነው፤ የተራበ ሕፃን መስኖ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሕፃኑን ለመመገብ የተቆፈረው ቦይ ያንኑ ሕፃን እንዳያሳምመው መጠንቀቅ የቦዩ ሠሪ ኃላፊነት ነው። ውሃ በቦይ ውስጥ እንዳይረጋ ተዳፋቱን መወሰን፣ የቦዩን ግድግዳ በድንጋይና በሲሚንቶ መለበጥ፣ ቀንድ አውጣ የሚጠለልበትን ሣር በየጊዜው ማስነሣት፣ ለልብስ ማጠቢያ ከቦዩ የተለየ ሥፍራ መሥራት፣ ሰው እግሩን ሳይነክር የሚሻገርበት ድልድይ ማዘጋጀት፣ በየመንደሩም መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ በንድፍ ወረቀት ላይ የሚወሰኑ ናቸው። ወጪያቸው ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ከተረሱ ግን በኋላ በኪኒን የሚከፈለው ዕዳ መጨረሻ የለውም።

አክሊሉ ወደ ጅረቱ የወረዱት ቀንድ አውጣ ለመቁጠር ነበር፤ ከአጣቢዎቹ ጋር ለመነጋገር ግን ጊዜ አላጡም። በደሃና፣ በሰቆጣ፣ በአበርገሌም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ቦይ ለመጥለፍ የቅየሳ መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ባለሙያ፣ መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት በውሃው ዳር ያሉት ሰዎች የሚሠሩትን ቢመለከትና ቢጠይቅ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የጀመሩትን ሥራ ያስቀጥላል።